ዋና የማይችለው ዋናው

ፍሪጃችን ላይ በማግኔት የተለጠፈ ሥዕል አለ። ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና የሣለችው ነው። የወረቀቱን ግማሽ ሰማያዊ ቀብታዋለች፤ መሐሉ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ፣ እጁ ከእግሩ የሚረዝም ሰውዬ በሆዱ ተኝቷል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዋናው» ብላ ጽፋበታለች። ሰውዬው እኔ ነኝ፤ ሰማያዊው ውሃ ነው። እዚህ ኮሎምበስ፣ ዋይትሆል ከነበረው አፓርትመንታችን ወጥተን ፎረስት ፓርክ ሰፈር ቤት ስንገባ ስንት ዕቃ ጥለናል፤ ያንን ሥዕል ግን ሚስቴ በእጇ ይዛው መኪና ውስጥ ገባች። «ይኼ አይጣልም፤ የውሸትህ ማስረጃ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ያኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። ከሐበሾቹ መሐል መጀመሪያ ሊድ፣ የቡድን አለቃ ያደረጉት እኔን ስለነበር፣ ልጆቹ ስሜን ትተው «ዋናው» ይሉኝ ጀመር። ዋናው መጣ፣ ዋናው ብሬክ ወጣ፣ ለምን ዋናውን አትጠይቀውም። ግማሹ ማክበር ነው፣ ግማሹ ፌዝ፤ ሐበሻ ሁለቱን ባንድ ሣህን ማቅረብ ይችልበታል። አንድ እሑድ ከእነሱ አንዱ ቤት መጣና በር የከፈተችለትን ልጄን «ዋናው አለ?» ብሎ ጠየቃት።

የእሷ አማርኛ እንግዲህ የቤት አማርኛ ነው። ብዪ፣ ተኚ፣ ጫማሽን አውልቂ። በዚያ ሰመር ደግሞ የአፓርትመንቱ ፑል ተከፍቶ እናቷ በየጠዋቱ «ነይ፣ ዋና እንሂድ» ትላት ነበር። ስለዚህ ለእሷ ዋና ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ መንቦጫረቅ። ዞር ብላ ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝና በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ ዋናተኛ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ያ ከይሲ ጓደኛዬ ቀደመኝ። «አባትሽ? አዞ በይው። ሐይቅ ውስጥ ነው የተወለደው» አላት።

ማስተባበል ነበረብኝ። አላስተባበልኩም። ለምን ብትሉኝ፣ በዚያ ዓመት ልጄ እንግሊዝኛዬን ማረም ጀምራ ነበር። አስተማሪዋ ፊት ቆሜ ስንተባተብ ቀና ብላ እያየችኝ ቃሉን በሹክሹክታ ታቀብለኛለች። የስድስት ዓመት ልጅ ናት እኮ። እና በአንድ ነገር እንኳ ትልቅ ብሆንላት ምናለበት? እንደዚያ ዐይኗ ፈጦ ስታየኝ ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሻችሁ። በማግስቱ ያንን ሥዕል ሥላ መጣች።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ውሃ በጀሪካን ተሰልፈን በምንቀዳበት ሰፈር ነው። ከባልዲ የጠለቀ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ምን እንደነካው አላውቅም፣ እያደር ከበደ። «ለምን ከእኛ ጋር አትገባም?» ስትለኝ መጀመሪያ ትከሻዬን አመመኝ አልኩ። የትከሻው ነገር ሲያልቅ፣ ክሎሪን ለቆዳዬ አይስማማም፣ እኔ የለመድኩት የተፈጥሮ ውሃ ነው አልኩ። ይህችን ክሎሪን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሚስቴ ዋና እንደማልችል ታውቃለች፤ እያየች ትስቃለች። እሷም የማታውቀው ግን አንድ ነገር ነበር። እሱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆናት ሰፈር ያለው ትልቁ ፑል ትሄድ ጀመር። እዚያ ጥልቁ በኩል ለመግባት ፈተና አለ፤ ከዳር ዘልለህ ገብተህ እስከ ወዲያኛው ጫፍ መዋኘት አለብህ። ያለፈ ልጅ እጁ ላይ አረንጓዴ ባንድ ያስሩለታል። ጓደኞቿ በሙሉ አስረዋል። እሷ ዳር ላይ ትቆምና ውሃውን አይታ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ ጂንስ ሱሪዬን እንደለበስኩ፣ ብረት ያለበትን የሥራ ቦቴን እንደተጫማሁ። ስታየኝ ፊቷ በራ። ጠጋ አልኳትና «ዝለዪ» አልኳት። «እኔ እዚሁ ነኝ። ከሰመጥሽ እኔ አወጣሻለሁ።»

ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ከዚያ ዘለለች።

ሰምጣ ቆየች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። የፑሉን ጠባቂ፣ ላይፍጋርዱን ቀና ብዬ ሳይ፣ የሚጣሉ ሁለት ልጆች ላይ ፊሽካውን እየነፋ ፊቱን ወደዚያ አዙሯል። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ልጄን በሌለኝ ነገር ዋስ ሆኜላት ነው ያስዘለልኳት። ቦቴን ለማውለቅ እንኳ ጎንበስ አላልኩም። ከዚያ ብቅ አለች፤ ሳለች፤ እየተንቦጫረቀች ወዲያኛው ጫፍ ደረሰች። ባንዱን አሥረውላት እየሮጠች መጥታ እርጥብ ሰውነቷን ሱሪዬ ላይ ለጠፈችው። እኔ ስቄ አቀፍኳት። ማታ ሚስቴ «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» ስትለኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእኔ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ኤሴይ መጻፍ ነበረባት። ጨርሳ ሳሎን ቆማ አነበበችልን። ስለምን ጻፈች መሰላችሁ? ስለዚያ ቀን። ፑሉ ዳር ላይ ስለቆመው አባቷ። «በሕይወቴ የሚያስፈራ ነገር ሲገጥመኝ፣ ብሰምጥ የሚያወጣኝ ሰው ዳር ላይ ቆሟል ብዬ ነው የምዘለው» ትላለች። እናቷ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔ የመኪናውን ዘይት ልየው ብዬ ጋራዥ ገባሁና ኮፈኑን ከፍቼ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት፤ አራት ዓመት እዚያው አካባቢ ተከራይታ ኖረች፤ ተመረቀች። ሥራ ያገኘችው ግን ሲያትል ነው።

ከመሄዷ በፊት እኔንና እናቷን ፍሎሪዳ ይዛን ሄደች። የሷ ስጦታ ነው፤ ሁሉን ነገር ቡክ ያደረገችው እሷ ናት። ሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ስልኳን አዞረችልኝ። ጀልባ አለ፣ ሰማያዊ ባሕር አለ፣ ፊታቸው ላይ ጭንብል አድርገው ውሃው ላይ በሆዳቸው የተንሳፈፉ ሰዎች አሉ። ስኖርክሊንግ ይሉታል፤ በቱቦ እየተነፈሱ ሥር ያለውን ዓሣ ማየት ነው። «አንድ ቀን ስትዋኝ ሳላይህ ልሄድ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ባሕር ውስጥ ክሎሪን የለም አባዬ።»

ሚስቴ ሻይዋ ትን አላት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼው ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስቀን ጫፉ ላይ አደረሰን።

ጀልባዋ ላይ ወደ ሃያ ሰው ሆነን ወጣን። የምትመራን ፀሐይ ያጠቆራት ወጣት ነጭ ሴት ናት። ጭንብል፣ ቱቦ፣ የዳክዬ እግር የመሰለ የፕላስቲክ ጫማ አደለችን። ጭንብሉ እንፋሎት እንዳይይዘው ውስጡ እትፍ በሉበት አለች። ሚስቴ ይኼን ስታይ ነፍሷ ደስ አላት። እሷ ፑል እንጂ ባሕር አትገባም፤ «ለእኔ የተፈጠረልኝ አየር ይበቃኛል» ብላ ትልቅ ባርኔጣዋን አድርጋ ጥላው ሥር ተቀምጣለች። ግን የልጇን ጭንብል ተቀብላ «እትፍ፣ እትፍ። ከክፉ ይሰውርሽ። የባሕሩም የየብሱም አውሬ አይይሽ» ብላ መረቀችው። አጠገባችን የተቀመጡት አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልጄ ስትነግራቸው እሳቸውም የራሳቸውን ጭንብል ለሚስቴ አቀበሏት። ተመረቀላቸው።

ከዚያ መሪያችን «ዋና የማይችል እጁን ያውጣ፤ የሚያንሳፍፍ ላስቲክ እሰጠዋለሁ» አለች። ሦስት ሰው አወጣ፤ ባልቴቷም እየሳቁ አወጡ። የኔ እጅ ጭኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አሁን ተናገር እላለሁ፤ ምላሴ አይታዘዝም። ይባስ ብሎ ልጄ ለመሪያችን «የአባቴ ቅጽል ስም በእኛ ቋንቋ ዋናተኛ ማለት ነው» ብላ በኩራት ነገረቻት። «በጣም ጥሩ፤ እንግዲያው ከኋላ ሆነህ ቡድኑን ትጠብቅልኛለህ» አለችኝ መሪያችን። ጉድ ፈላ። ራሱን የማይጠብቅ ሰውዬ ቡድን ጠባቂ ሆነ።

ሚስቴ በጆሮዬ «ወይ ንገራት፣ ወይ እነግራታለሁ» አለችኝ። «እኔ ባሌን ለዓሣ አልድርም።»

«ተይኝ፣ እነግራታለሁ» አልኳት። ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ እሷ ምን አጠፋች?

ጀልባዋ ቆመች። ሰው ሁሉ እየተንቦጫረቀ ገባ። ልጄ ዘልላ ገብታ ራሷን አወጣች፤ ጭንብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወደ እኔ ዋኘች። እኔ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ መሰላሉ መጨረሻ ላይ ተቀምጫለሁ። የፕላስቲክ ጫማዬ ውሃ ውስጥ ነው፤ እጄ ብረቱን ጨብጧል። ከሥሬ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ አሸዋው ይታያል፤ እዚያ ታች። ባይታይ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ አየችኝ። መፍራቴን አላወቀችም፤ የምቀልድ መስሏታል። ሣቀችና፣ ያቺ አማርኛ ካላስገደዷት የማትናገር ልጅ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «ዝለዪ። እኔ እዚሁ ነኝ። ከሰመጥሽ እኔ አወጣሻለሁ።»

ዝለዪ አለችኝ፤ ዝለል አላለችኝም። ለወንድና ለሴት የሚባለውን ለይታ አይደለም የያዘችው። ያን ቀን ከአፌ እንደወጣ፣ አንዲት ፊደል ሳትቀንስ አሥራ አራት ዓመት አስቀምጣው ነበር። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አልችልም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዋና። ዋና አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር።»

«ያኔ መቼ?»

«ፑሉ ጋ። አንቺ ስትዘዪ። ሰምጠሽ ብትቀሪ ላወጣሽ አልችልም ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

 ውሃው የጀልባውን ሆድ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። ከኋላዬ ተራቸውን የሚጠብቁት ባልቴት በእንግሊዝኛ «አይዞህ፣ አትቸኩል» ይሉኛል። ልጄ ጭንብሉን ከግንባሯ አውልቃ በእጇ ያዘችው። ፊቷ የስምንት ዓመቱ ፊት ሆነብኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነበር?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ቀስ ብላ።

«እዘል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም።»

«ቦት አድርገህ ነበር እኮ» አለች። ወደ እግሬ አየች። «ኤሴዬን በዚህ ላይ ነው የጻፍኩት አባዬ። ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ፊቷን አዙራ ትንሽ ራቅ ብላ ዋኘች። ሄደች ብዬ ነበር። እግሬን ከውሃው አውጥቼ መሰላሉን ልወጣ ስል ተመለሰች፤ ለባልቴቷ የተዘጋጀውን ረጅም ላስቲክ ከመሪዋ ተቀብላ እየጎተተች ነው። በብብቴ ሥር አሳለፈችው። ዐይኔን አላየችም። «ያዝ» አለች፤ «እጄንም ያዝ።» ያዝኩ። ገባሁ።

ምን ልበላችሁ። ፊቴን ውሃው ውስጥ ስነክር የሰማሁት የገዛ ትንፋሼን ነው፤ እንደ ታማሚ ያለ ትንፋሽ። ቀጥሎ ዐይኔን ገለጥኩ። ቢጫ መስመር ያላቸው ትንንሽ ዓሣዎች በመንጋ ቆመዋል፤ አንዱም አልፈራኝም። አንድ ትልቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ዓሣ ድንጋዩን በጥርሱ ይግጣል፤ ድምፁ ይሰማል፤ ልክ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው። ልሣቅ ብዬ ጨው ውሃ ጠጣሁ። ልጄ እጄን ጠበቅ አድርጋ ቀና አደረገችኝ፤ አሳለችኝ፤ መልሳ አስተኛችኝ። ጭንብሌ ውስጥ ውሃ ሲሞላ የሚያፈስ መስሎኝ ነበር። የራሴ ዐይን ነው።

ስንመለስ ከእኛ ርቃ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ልሄድ ስነሣ ሚስቴ ክንዴን ያዘች። የፑሉን ነገር ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ባርኔጣዋን አውልቃ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ለዚህ ነው ያን ቀን ፊትህ አመድ የመሰለው» አለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «አሁን ተዋት። የሰጠሃትን ትዋጠው።»

አመሻሹ ላይ የሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ለምንድነው ያልነገርከኝ?» አለችኝ። ስለ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት፤ አስተማሪዋ ፊት ቃል ስታቀብለኝ የሚሰማኝን። እሷ ትዝ አይላትም። «ሌላስ ምን ዋሽተኸኛል?» አለች።

አሰብኩ፤ የምሬን አሰብኩ። «መንጃ ፈቃድ በመጀመሪያው አለፍኩ ያልኩሽ» አልኳት። «በአራተኛው ነው።»

ሣቀች። ሣቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ አመመኝ የምለው ትከሻ ላይ። ፀጉሯ ገና ጨው ጨው ይላል።

ኮሎምበስ እንደተመለስን አንድ ወር ቀራት። ሻንጣ የሚታሰርበት ጊዜ ነው፤ ይቺ ልጅ ግን በየቅዳሜውና በየእሑዱ ጠዋት ፑል ትወስደኛለች። ያው ፑል ነው። ጎድጓዳ ባልሆነው በኩል፣ የአምስት ዓመት ልጆች መሐል፣ ጀርባዬን በመዳፏ ይዛ መንሳፈፍ አስተማረችኝ። ኃይለኛ አስተማሪ ናት። አንገትህን ልቀቅ፣ ሆድህን አትጨብጥ፣ ማነው መተንፈስ አቁም ያለህ። በማን እንደወጣች ሚስቴን ጠይቋት። አንዱ ሕፃን ጠጋ ብሎ «እኔ ያለ እርዳታ እችላለሁ» ሲለኝ ፊቴን አኮሳትሬ አየሁት፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከእሱ ነው እግር ማወራጨት የተማርኩት።

ሰኞ ልትሄድ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ጥልቁ በኩል ወሰደችኝ። «ዘልለህ ገብተህ ዳር ከደረስክ ይበቃል» አለችኝ። ዳር ላይ ቆምኩ። ውሃው ያኔ እንደነበረው ነው። ዞር ብዬ ሳያት ልብሷን እንደለበሰች ከጎኔ ቆማለች፤ ጫማዋን ግን አውልቃ፣ ካልሲዎቿን ውስጡ ከትታ፣ ስልኳንና የመኪናውን ቁልፍ ላዩ ላይ አስቀምጣለች። እኔ ያን ቀን የቦቴን ክር እንኳ አልፈታሁም ነበር።

«ዝለዪ» አለችኝ። «እኔ እዚሁ ነኝ። ከሰመጥሽ እኔ አወጣሻለሁ።»

አላረምኳትም። ዘለልኩ።